የማኅበራችን ላዳ የኋላ ዘንጎችና ጎሚኒዎች እንዴት እንደ ተቀየሩ

(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ማብራሪያ)



ባለፈው ስብሰባ «ይቺ አሮጌ ላዳ ትሸጥ ወይስ ትጠገን?» ተብሎ ብዙ ክርክር እንደ ተደረገ የሚታወስ ነው። ኮሚቴው ትጠገን ብሎ አስጠግኗል። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ ምን እንደ ተሠራ ማስረዳት ይገባናል። መካኒኮች አይደለንም፤ ግን ሲሠራ ከመኪናዋ ሥር ገብተን አይተናል፣ ቁልፍም አቀብለናል።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ምጥ የያዛቸውን አንዲት ጎረቤታችንን በሌሊት ይዘን ስንሄድ፣ ዝናብም ነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ የኋላ ክፍል ወደ ቦዩ ተወረወረ። ለጥቂት ተረፍን። ሴትዮዋም በሰላም ተገላገሉ። ሾፌራችን ግን ከዚያ ወዲያ «እኔ ሰው ጭኜ አልነዳትም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ በፊት እኮ ወራት ሙሉ፣ ስትነሣና ስትቆም ከኋላ «ቋ፣ ቋ» ትል ነበር። ሰምተን ዝም ብለናል።

ብዙዎቻችን መኪና በሞላ ብቻ የቆመች ይመስለናል። የላዳ የኋላ ሞላ ሁለት ነው፤ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉን በቦታው አይዝም። አክስሉን የሚይዙት አምስት የብረት ዘንጎች ናቸው። አራቱ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ሲሆኑ ሁለቱ ከላይ አጫጭር፣ ሁለቱ ከታች ረዘም ያሉ ናቸው፤ አምስተኛው አግድም ሆኖ አክስሉን ከቦዲው ጋር ያያይዛል፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ። በየጫፋቸው አንድ አንድ ጎሚኒ አለ፤ በድምሩ አሥር። በጎሚኒው መሐል የብረት ቱቦ አለ፣ ብሎኑ በዚያ ያልፋል። ላስቲኩ ሲያልቅ ዘንጉ ይላወሳል፤ ፍሬን ሲያዝ አንዱ የኋላ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይላል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ከኋላ ሌላ መሪ ያላት ያህል ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። መጀመሪያ የወሰድናት ጋራዥ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥሩንም ቀይሮ አስረከበን። እኛም ሳናይ ፈርመን ከፈልን። አራት ወር ሳይሞላ ያው ድምፅ ተመለሰ፤ ስናስፈታ አዲሶቹ ጎሚኒዎች ተተርትረዋል። አንዳንዶቻችሁ «ዕቃው የውሸት ነው» ብላችሁ ነበር፤ እኛም ብለናል። ምን ሆኖ መሰላችሁ? ዳዶዎቹ የጠበቁት መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ የኋላ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው ሳለ ነው። ዳዶ ሲጠብቅ መሐሉ ያለው ቱቦ ከማሰሪያው ጋር ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ተንጠልጥላ ከተጠበቀ፣ መሬት ስትረግጥ ላስቲኩ ገና ሳትሄድ እንደ ተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይቆያል። ጉድጓድ ሲጨመርበት ይቀደዳል።

ሁለተኛውን ጊዜ ሌላ መካኒክ፣ እኛም አጠገቡ ሆነን፣ እንዲህ ተሠራ። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ታገዱ። ከክሪክ በተጨማሪ በቦዲው ሥር ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ተደገፈ፤ ክሪክ ብቻ ተማምኖ መግባት ሞት ነው። አክስሉም ከሥር ሌላ ድጋፍ ተደረገለት፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ የፍሬን ላስቲክ ቱቦውን ይጎትታል፤ የኋላ ፍሬን መቆጣጠሪያዋም በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች ስለሆነች ትጣመማለች።

ዘንጎቹ የተፈቱት ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሳይታሰር ሌላው አልተነካም። አምስቱን አንዴ ፈትቶ አክስሉን ወደ ቦታው መመለስ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ቁልፉ ቁጥር 19 ነው፤ ከዚህና ከዚያ ሁለት ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ከቱቦው ጋር በዝገት ተጣብቀው ግማሽ ቀን ፈጁብን፤ ማታውን ናፍጣ ቀብተናቸው ባናሳድር ደግሞ ይብስ ነበር። ሁለቱ ብሎኖች ተበልተው ስለ ተገኙ አዲስ ተገዛ። አሮጌውን ጎሚኒ በሞርሳና በቧንቧ ቁራጭ ገፍቶ አወጣው። በእሳት አቃጥለው የሚያወጡ አሉ፤ እኛ ከልክለናል። አዲሱ የገባው በሳሙና ውሃ ነው፤ ዘይትና ግራሶ ላስቲክ ይበላሉ።

ዳዶዎቹ በእጅ ከገቡ በኋላ መኪናዋ በአራት እግሯ ጉድጓድ ላይ ቆመች፣ ከኮሚቴው አራት ሰው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ መካኒኩ ከሥር ሆኖ አጠበቀ፤ ወደ 80 ኒውተን ሜትር ግድም። አላፊ አግዳሚው «ወዴት ነው ጉዞው?» እያለ ቢስቅብንም አልወረድንም።

ዕቃ ይጠፋል ብላችሁ ለምትሰጉት፣ ላዳ በፈረንጅ 1966 በወጣው በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 ጀምሮ የተሠራች ናት፤ የዚህ ዘር ሥራ በሩሲያ ያበቃው በ2012 ነው። የእኛዋ 2105 ናት፤ የ2101ም የ2107ም ዘንግ ይገጥማታል። ስለዚህ ይገኛል። ሲገዛ ግን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳከር ነው።

ከተሠራች ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል፤ ሾፌሩም በሌሊት መንዳት ጀምሯል። ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጉዞ በኋላ እንደገና ታይተው ሁለቱ ጥቂት ጠብቀዋል። ደረሰኞቹ በማኅበሩ ቢሮ ስላሉ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። የቀሩት ሁለት ትርፍ ጎሚኒዎችና ሁለቱ ቁጥር 19 ቁልፎች በቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ላዳ ያላችሁ ነዋሪዎች ቁልፎቹን ፈርማችሁ መዋስ ትችላላችሁ፣ ጎሚኒዎቹ ግን አይሰጡም።