ሦስተኛው ኩሽኔታ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከተመረቅህ በኋላ ስለሠራኸው ሥራ አሥር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ነው ያወሩት። እኔ የማወራው ቦኖሻ ስላለ አንድ የመኖ መክተፊያ ማሽን ነው። ሦስት ጊዜ ጠግኜዋለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት። የዚያ አካባቢ ሰው በቆሎ ያመርታል፣ ከብትም ያረባል። አዝመራው ሲነሣ አገዳው በየጓሮው ይከመራል። ከብት አገዳውን እንዳለ ሲሰጡት ቅጠሉን ለቃቅሞ ግንዱን ይረግጠዋል፤ አድቅቀው ከከተፉለት ግን እምብዛም አያስተርፍም። አንድ የወጣቶች ማኅበር ተበድሮ ማሽኑን የገዛው ለዚህ ነው። ለጎረቤት በሸክም እያስከፈሉ ይከትፋሉ፤ ብድሩም የሚከፈለው ከዚያው ነው። ማሽኑ ቆመ ማለት ብድሩ ቆመ ማለት አይደለም፣ ታውቁታላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከባድ ክብ ብረት አለ፤ በላዩ ላይ ሁለት ቢላዋ በግራና በቀኝ በብሎን ታስረዋል። አገዳው በሚገባበት አፍ ላይ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ስለት አለ። ሞተሩ ክቡን በቺንጋ ያዞረዋል። እንጨት የሚከትፈውም ማሽን ይኸው ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ ሞተሩ ጉልበታም ከመሆኑ በቀር። (ልጆቹ አንድ ቀን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሞክረውበት ቺንጋው ጨሶ ነበር። ያ ሌላ ታሪክ ነው።)

መጀመሪያ የተጠራሁት «ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው እጅ ያቃጥላል» ተብሎ ነው። ቺንጋውን አውልቄ ክቡን በእጄ ሳዞረው ያጉረመርማል። ቺንጋ ወልቆ፣ በእጅ ሲዞር የሚያጉረመርም ኩሽኔታ አልቆለታል፤ እስከዚህ ትክክል ነበርኩ። ሆሳዕና ሄደን ገዛን፣ ቀየርኩ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ተመሰገንኩ። ሦስት ሳምንት አልቆየም።

በሁለተኛው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» አልኩና ሌላ አስገዛሁ። ያን ቀን ማሽኑን ስንሞክር አፉ ላይ አገዳ ተቀረቀረ። ሞተሩን አጠፋሁና አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ «ጠፍቷል፣ አውጣው» አልኩት። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ክቡ ብረት ግን አልቆመም። ከባድ ነገር አንዴ ከዞረ ወዲያው አይቆምም፤ ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ኤ ያገኘሁ ሰው ነኝ። የልጁ የሌባ ጣት ጫፍ ተቆረጠ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። በማግሥቱ ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ቡና አስፈሉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራ ልጁ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ኩሽኔታውን ስፈታ ቆሞ እያየኝ «ኢንጂነር፣ ቢላዋው ከተቀየረ ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነው» አለኝ። የትኛው ቢላዋ? ለካ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት አንዱ ቢላዋ ድንጋይ መትቶ ተሰብሮ፣ ብየዳ ቤት ከመኪና ባሌስትራ አዲስ ተሠርቶለት ኖሯል። ሌላው አሮጌው ነው፤ በመሳል ብዛት መንምኗል። ሁለት ጊዜ ስመላለስ «ከመበላሸቱ በፊት ምን ተነካ?» ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «መሐንዲሱ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ቢላዋዎቹን ፈትተን አንዲት ቡና ነጋዴ ጋ ወሰድናቸው፤ ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን አላት። እኩል እንዲሆኑ በአሮጌው በኩል የ50 ግራም መመዘኛ መጨመር ነበረብን። 50 ግራም ምንም አይመስልም። ግን ክቡ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር፣ ቢላዋው ከመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከታሰረ፣ ያቺ 50 ግራም ዘንጉን 9 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ትጎትተዋለች፤ ያውም በሴኮንድ 15 ጊዜ እየዞረች። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኩሽኔታው ምን ያድርግ? እኔ ሟቹን እየቀየርኩ ገዳዩን እዚያው ትቼው እመጣ ነበር።

አዲሱን ቢላዋ ከስለቱ ሳይሆን ከጀርባው ሞረድነው፤ ሚዛኑ እኩል እስኪሆን ነጋዴዋን አሰልችተናል። ከቋሚው ስለት ጋር ያለውንም ክፍተት፣ ሁለት የሞባይል ካርድ ተደርቦ በጭንቅ እስኪያልፍ አጠበብነው። ክፍተቱ ሲሰፋ አገዳው አይቆረጥም፤ ተጨፍልቆ እንደ ገመድ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ሞተር ደከመ ይላል። ሞተሩ እየጮኸ ክቡ ከዘገየ የሚንሸራተተው ቺንጋው ነው። በእጅ ሲዞር ዝም ብሎ፣ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሚዛኑን እዩ።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። በወርክሾፕ ፈተና የተበላሸ ማሽን ሲቀርብ፣ ማሽኑን የሚያሠራው ሰውም አብሮ ይቅረብ። ተማሪው እሱን ምን ብሎ እንደጠየቀ ማርክ ይያዝለት።

ሦስተኛው ኩሽኔታ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ማሽኑ ጎን አሁን አንድ የእንጨት ሽብልቅ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ የጠረበው ልጁ ነው። ክቡ ቆሞ ሽብልቁ ካልተወተፈበት ማንም እጁን አያስገባም፤ እኔንም ጭምር ያስቆመኛል። ሁለተኛውን ኩሽኔታ ኪሴ ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ። ሻይ ላይ ተቀበሉኝና አዙራችሁ ስሙት።