የተገዛው ቡድን



በበዓል ቀን የቴሌቪዥን ቀልድ አምጥተናልና አትዘኑብን። ነገሩ እኛንም ይነካናል።

«ዘ ሲምፕሰንስ» ከሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የሥዕል ፊልም «ሆመር አት ዘ ባት» የተሰኘው ክፍል በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሆመር በአቶሚክ ኃይል ማመንጫ የሚሠራ ሰነፍ ሰው ነው። ነገር ግን መብረቅ ከገነጠለው ቅርንጫፍ በገዛ እጁ በጠረበው ዱላ ኳስ እየመታ፣ የመሥሪያ ቤቱን የሶፍትቦል ቡድን እስከ ዋንጫው ጨዋታ አደረሰ። አለቃው ሚስተር በርንስ ግን 1 ሚሊዮን ዶላር ተወራርደው ስለ ነበረ በሠራተኞቻቸው አልታመኑም። በመጀመሪያ ያማሯቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ተጫዋቾች ነበሩ! ይህ ባይሆንላቸው በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን 9 ሰዎች በገንዘብ አስመጡ። እነዚህም ሮጀር ክሌመንስን፣ ኦዚ ስሚዝንና ዳሪል ስትሮቤሪን የመሳሰሉ እውነተኞች ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ በድምፃቸው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። የሆመር ዱላ በክሌመንስ ኳስ ተሰባበረ፤ ነባሮቹም ከአግዳሚ ወንበር ቀሩ።

ከዘጠኙ ስምንቱ ግን ሳይጫወቱ ጠፉ። አንዱ ዶሮ የሆነ መሰለው። እኛን እጅግ ያሳቀን የዶን ማቲንግሊ ነገር ነው። የጆሮህን ግንድ ጠጕር ቍረጥ ቢባል ራሱን ግራና ቀኝ ተላጨ፤ አለቃው ግን አሁንም አልቈረጥህም ብለው አባረሩት። ገንዘብ የሰጠ ሰው ዓይኑ የሚያየው እንዲህ ነው።

በመጨረሻው ሰዓት በርንስ ስትሮቤሪን አስወጥተው ሆመርን አስገቡ። ኳሱ ራሱን መትቶ ጣለው፤ በሕጉም መሠረት ነጥቡ ተቈጠረና ቡድኑ አሸነፈ። ጓደኞቹ በትከሻቸው ሲሸከሙት እርሱ ራሱን ስቶ ነበር።

ይህን ስናይ ስቀን ስናበቃ ዝም አልን። ባለፈው ዓመት ለክፍሎች ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ልጆች ከውጭ አምጥተን፣ ዓመቱን ሙሉ አብረውን ሲለማመዱ የነበሩትን ሁለት ጓደኞቻችንን አስቀመጥናቸው። ያዘዘን አልነበረም፤ የተወራረደም የለም። ዋንጫው ከመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ይታያል። ሁለቱ ጓደኞቻችንም አሁን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ለዓመቱ መጽሐፍ በተነሣነው ፎቶግራፍ ላይ ግን የሉም።

ፎቶግራፍ አንሺው ነገ በ4 ሰዓት ይመለሳል። እንዲመጡልን በእናንተ ፊት እንለምናቸዋለን።