«ስንት ካሴት አውጥቷል?»

(ይህ ጽሑፍ ሚያዝያ 30 ምሽት፣ በግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ልደታ ሠፈር ለተሰባሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው «እንዳለ አውጡት» ስላሉን እንዳለ አውጥተነዋል።)

ጎረቤቶቼ፣ የተፈቀደልኝ ንፍሮው እስኪበስል ድረስ ስለሆነ ነገር አላበዛም።

«ልደታ ነው የምኖረው» ስንል ሰው ምን እንደሚለን ታውቃላችሁ። «ውይ! ቀጠሮህ መቼ ነው?» ይለናል። ሠፈራችን ከታቦቷ ይልቅ በፍርድ ቤቱ ታውቆ ቀርቷል። ስንቱ ጋዜጠኛ፣ ስንቱ ፖለቲከኛ ደጁን ጠንቶበታል! እንግዲህ እኔም በሠፈራችን ወግ አንድ ክስ ላሰማ። ከሳሹ በሕይወት የሉም። ተከሳሾቹ ግን እዚሁ ንፍሮ እየጠበቅን ነን።

ከሳሽ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ይባላሉ። ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አረፉ። ልብ በሉ! 60 ዓመት በሞላቸው ማግስት፣ ልክ እንደ ዛሬው በልደታ ዋዜማ ማለት ነው።

«ማን ናቸው ደግሞ?» የምትሉ አትፈሩ። ከዓመታት በፊት የሥራቸውን ቅጂ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ እኔም ቀጠሮ አላማረኝም። ኃላፊው በትሕትና አስቀመጠኝና፣

«ድምፃዊ ነው?» አለኝ።

«አይደሉም። የሙዚቃ ደራሲ ናቸው» አልኩት።

«ስንት ካሴት አውጥቷል?»

«ለኦርኬስትራ ነው የጻፉት።»

«ታዲያ በምን ታወቀ?» ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

አልፈረድኩበትም። ከየት ይወቀው? ድምፃዊ ዘፈኑን ይዞ መድረክ ላይ ይቆማል፤ መልኩንም ድምፁንም እናውቃለን። የሙዚቃ ደራሲ ግን ሃምሳ ሰው የሚጫወተውን እያንዳንዱን ድምፅ ኖታ ወረቀት ላይ አስፍሮ ዞር ይላል። ወረቀቱ ተከፍቶ ካልተጫወቱት ሰውየው እንዳልነበረ ነው።

አሸናፊ ግን ነበሩ። አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። አገራቸው ተመልሰው ዛሬ ያሬድ የምንለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሳቸው ነበሩ። የቅዱስ ያሬድ ስም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የተደረደሩትን የዜማ ምልክቶች ያየ ሰው፣ ዜማን በጽሑፍ ማስፈር ከፈረንጅ ብቻ የመጣልን እንዳልሆነ ይገባዋል። በዚያ ግቢ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ጎን ለጎን ይማራሉ።

በ1967 እ.ኤ.አ. ሀንጋሪ ሄደው የዚያን አገር የመንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። ሀንጋሪ ዝም ብሎ አገር አይደለም። ባርቶክና ኮዳይ የሚባሉት ሊቃውንት በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዜማ ለቅመው ትልቁን ሙዚቃቸውን የሠሩት እዚያ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ምን ጻፉ? ንጉሥ አይደለም፤ ጦርነትም አይደለም። «እረኛው ባለዋሽንት» ብለው ጻፉ! ሸምበቆውን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ በስቶ፣ ከከብት ኋላ ለብቻው የሚነፋውን ልጅ ኦርኬስትራ ፊት አቆሙት። ከዓመታት በኋላ በያሬድና በሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋም እረኛና ዋሽንት ላይ ፒያኖ ጽፏል። ሁለት የተማሩ ሰዎች ተመልሰው የሄዱት ወደዚያው እረኛ ነው።

እስቲ አዳራሽ ገብታችሁ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ኦርኬስትራ ሲጫወተው የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ!... አንድም የለም። አትዘኑ፣ እኔም አላወጣሁም። ሰምቼ ለማላውቀው ዜማ ነው ጥብቅና የቆምኩት።

ለምን አልሰማንም? «መንግሥት ነው» ብዬ ልገላገል ነበር፤ እውነትም አለው። በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ ፈጥኖ የሚፈለገው ሙዚቀኛ ነው። የንጉሡን መዝሙር ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የደርግን በ1967 ዓ.ም. ዳንኤል ዮሐንስ፣ የኢሕአዴግን በ1984 ዓ.ም. ሰሎሞን ሉሉ ደረሱ። መዝሙሩ ከተገኘ በኋላ ግን ሙዚቀኛውን «ምን በላህ?» የሚል የለም።

ግን እኛስ? አሸናፊ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ክራር አንድ ጥናት አሳትመዋል። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ እንዴት እንደተናቀ የሚናገር ነው። ያንን ሳነብ አፈርኩ። ልጅ ሳለን ታናሽ ወንድሜ ክራር ተውሶ ቤት ገባ። አባታችን «ቤቴ ውስጥ አዝማሪ?» አሉ። ክራሩን ከግድግዳ ያላተሙት ግን እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ! ጎበዝ ልጅ ለመባል። ወንድሜ ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ሲነዳ አምባሰል ያፏጫል፤ ቅኝቱን አይስትም። ባፏጨ ቁጥር እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ስለዚህ ተከሳሽ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ።

አሸናፊ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ዳይሬክተርነቱን ለቀቁ። ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1982 እ.ኤ.አ. የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካን ሙዚቃ ሥር የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። «ኮቱሬዢያ» በሚለው ሥራቸው ደግሞ የጃፓኑን ኮቶ ከፍሉት፣ ከክላሪኔትና ከቫዮሊን ጋር አገናኙ። እኛ ክራር ስንሰብር እሳቸው ጃፓንን ከኢትዮጵያ ያስታርቁ ነበር። ልጃቸው ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን እዚያው ፍሎሪዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ምርጫ ዳኛ ሆነዋል። ሕዝብ የመረጠው ዳኛ! ለኛ ለልደታ ሰዎች ይህም ሰምተነው የማናውቀው ሌላ ሙዚቃ ነው።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ፒያኗቸውን ይዘው ኢየሩሳሌም ገዳም ኖሩ። ዓለም አጨበጨበላቸው፤ አብዛኞቻችን ስማቸውን የሰማነው ከፈረንጅ አፍ ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ደግሞ «የኛ እኮ ናቸው!» አልን። ለለቅሶ ማን ይቀድመናል?

ዳኞች ሆይ፣ የምጠይቀው ካሳ ከባድ አይደለም። ሐውልት አልጠይቅም፤ ለሐውልት ጨረታ ይወጣል፣ በጨረታው ሌላ ክስ ይመጣል። በዓመት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ 30፣ ያ ወረቀት ይከፈትና እዚሁ ከተማ ውስጥ ይጫወቱት። ብሔራዊ ቴአትር ከዚህ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ወንበሩን እኛ እንሞላለን። ሁለተኛው ካሳ በየቤታችን ነው። ልጃችሁ ነገ ክራር ይዞ ቢገባ «ስንት ያወጣል?» አትበሉት። «እስቲ ተጫወትልኝ» በሉት።

ወንድሜ እዚያ ጥግ ቆሞ እየሳቀ ነው። ክራር ገዝቼልሃለሁ፣ ቤት አለ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጣትህ ይታዘዝልህ እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ማታ አብረን እናያለን።

ንፍሮው ደረሰ መሰለኝ። እንኳን አደረሳችሁ!