ከእንጦጦ እስከ ለገሃር፦ ከተማን በብስክሌት ማወቅ



አንዲት ከተማ በልዩ ልዩ መንገድ ትታወቃለች። በካርታ የሚያያት ስፋቷን፣ በመኪና የሚያቋርጣት አውራ ጎዳናዋን ያውቃል፤ በእግሩ የሚዞራት ደግሞ ሁለት ሰፈር ሳያዳርስ ይመሽበታል። ብስክሌት የያዘ ሰው በእነዚህ መካከል ይገኛል። በአንድ ቀን ብዙ ሰፈር ያያል፤ ፍጥነቱም ከሰላምታና ከጥያቄ አያግደውም። መኪና የሚሸሽገውንም ዳገትና ቁልቁለት በገዛ ጉልበቱ ይለካዋል። ይሁን እንጂ ብስክሌት ብቻውን ከተማን አያስተዋውቅም። ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰፈሩም የሚያውቀው መንገድ መሪ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሥራውን የሚያውቅ መሪ እንግዳውን ጉዞ የሚያስጀምረው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ነው። ምክንያቱም ድካም ለመቀነስ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም የምትገኘው በዚያ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም የተመሠረተችው ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ በመውረዳቸው ነው። እንግዳው ፍሬኑን ጨብጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ እንግዲህ ከተማይቱ ራሷ የወረደችበትን አቅጣጫ ይከተላል።

በስድስት ኪሎ መሪው ብስክሌቱን ያቆማል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት እዚህ ቆሟል። ጥቂት ዝቅ ብሎም አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የድል ሐውልት ይታያል። ከሐዘኑ እስከ ድሉ አራት ዓመት ከሁለት ወር ያህል አልፏል፤ በብስክሌት ግን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መሪው ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ሲያያይዛቸው፣ እንግዳው በመጽሐፍ ለየብቻ ያነበበውን ታሪክ በአንድ ጎዳና ላይ ያገኘዋል።

ከዚያ ቁልቁለቱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ያደርሳል። ቁልቁለት ላይ መሪም እንግዳም ዝም ይላሉ፤ ነፋሱ ቃል ይወስዳል። ጨዋታው የሚመጣው ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ነው። «እዚህ ላይ ወርደን እንግፋ፤ ቀስ ብለን ስንሄድ ይሻላል» ይላል መሪው። እየገፋም ስሞቹን ይቆጥራል፦ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የሰፈረን ሠራዊት ያስታውሳል። መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ከተከታዮቻቸው ጋር ሲሰፍሩ፣ የእጅ ባለሙያውም በበኩሉ ሲሰፍር፣ ስሙ በዚያው ቀረ። የከተማው ሕዝብ አድራሻውን ከመንገድ ስምና ከቤት ቁጥር ይልቅ በሰፈር ስም ሲናገር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሩ ግን ዶሮ ማነቂያ ላይ የመሪው ጣት የሚያመለክተው ቤት ያጣል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። በምትኩ ጎዳናው ሰፍቷል፤ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ ለብስክሌትም የራሱ መስመር ተሰጥቶታል። እንግዳው ያለ ሥጋት የሚጓዝበት ለስላሳ መስመር መሪው ሊያሳየው የመጣውን ነገር ከወሰደው ሥራ ጋር አብሮ የመጣ ነው። መሪው መንገዱን አይረግምም፤ ብስክሌት ነጂ ነውና ጥቅሙን ያውቃል። ግን ቀድሞ «እነሆ» ይል የነበረበት ቦታ ላይ አሁን «እዚህ ነበር» ይላል።

ጉዞው በቸርችል ጎዳና ወርዶ በለገሃር ይፈጸማል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ለዚህ ቦታ ስሙን ሰጥቶታል። ለገሃር የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም በሕዝብ አፍ ተለውጦ የቀረ ቃል ነው። ዛሬ የአገሪቱ ባቡር ከከተማው ዳር ካለ ሌላ ጣቢያ ይነሣል፤ ስሙ ግን ሥራው ከቆመ በኋላም ጸንቷል። የጸናውም በአካባቢው የሚጠራው ሰው ስላልጠፋ ነው። ሕዝቡ ለተበተነ ሰፈር ይህን ዕድል ማን ይሰጠዋል?

ከተማ የሚለኩና የሚነድፉ ባለሙያዎች ከዚህ የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ፕላን ከመነደፉ በፊት የመሬቱ ከፍታ፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የውሃው መውረጃ ይጠናል። የሰፈሩ ስምና ትዝታ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በነዋሪው አፍ እንጂ በመዝገብ አይደለም። ስለዚህ ካርታው ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ባለሙያው ከመሪው ኋላ በብስክሌት ቢወጣ፣ ዳገቱ ላይም ወርዶ እየገፋ ቢያደምጥና ቢጽፍ፣ አዲሱ መንገድ አሮጌውን ስም ይዞ ሊሠራ ይችላል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ስሙን ያልሰማ ትውልድም ለጠፋው ሰፈር አይቆጭም። መሪው ስሞቹን ገና ያስታውሳቸዋል፤ የሚጠይቀው ሲያገኝም ይናገራል።