«ዝናብ ጥሏል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለወረዳ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠልጣኞች ስለ አየር ጠባይ ቃላት የተደረገ ንግግር



ከወረዳ ወደ በላይ አካል የሚላኩ የዝናብ ወቅት ሪፖርቶች ሲመረመሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ይገኛል፤ ይኸውም «በወረዳው ዝናብ ጥሏል» የሚለው ነው። ቃሉ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን በዚህ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተመርኩዞ አንድ ኩንታል እህል ከመጋዘን ይውጣ ወይም አይውጣ ብሎ መወሰን አይቻልም። ምን ያህል ጣለ? በስንት ቀን? ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ ሳለ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የቀሩ እንደሆነ ሪፖርቱ ማብራሪያ ሲጠየቅበትና ሲመለስ ሳምንታት ያልፋሉ። ሳምንታቱም የሚቀነሱት ከገበሬው ጎታ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ትምህርት ስለ ደመናና ስለ ነፋስ የሚያወሳ ቢሆንም፣ ጉዳዩ የእርዳታ ሥራ ጉዳይ ነው።

መነሻው መለኪያው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ሲሆን፣ በ1 ሄክታር ሲሰላ 10,000 ሊትር ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሄክታር ማሳ 200,000 ሊትር ውኃ ያገኛል፤ ይህን ያህል ውኃ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ለማድረስ 20 ምልልስ ያስፈልጋል። ገበሬው ግን በሚሊ ሜትር አይለካም። አፈሩን ጭሮ እርጥበቱ ስንት ጣት ወይም ስንት ስንዝር እንደ ጠለቀ ያያል። ይህ የሚናቅ መለኪያ አይደለም፤ እንዲያውም ሥር የሚደርስበትን ውኃ የሚናገር በመሆኑ በአንዳንድ ረገድ ከቆርቆሮው መለኪያ ይልቅ ለሰብሉ የቀረበ ነው። ጥሩ ሪፖርት ሁለቱንም ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የወቅቶች ስም ይመጣል። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ራሱ ያሳስታል። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይባላል። እንግዲህ በየካቲት አጋማሽ የጣለውን ዝናብ አንዱ ጸሐፊ «የበጋ ዝናብ» ብሎ ቢጽፈው፣ አንባቢው ያለ ወቅቱ የመጣ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ግን ያ ዝናብ የበልግ ገብሱ ነው። ወደ ቦረና ወይም ወደ ሶማሌ ክልል ሲወረድ ነገሩ ይብሳል፤ ባለሙያው «በጋ» በሚለው ጊዜ ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር አርብቶ አደሩ ሁለተኛ ዝናቡን ይጠብቃል። ቦረና ሐገያ፣ ሶማሌ ደግሞ ዴር ይለዋል። ስለዚህ ከወቅቱ ስም ጋር ወሩን መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ቃል ቢጨመር ወረቀት አያልቅም።

ዝናብ የሚመጣበት መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘው የውኃ ተን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ተለውጦ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ለዝናብ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ እርጥበት ያለው ነፋስና አየሩን ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል። በክረምት ከደቡብ የሚመጣውና ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ የሚገናኙበት ቀጣና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከምዕራብ በኮንጎ ደኖች በኩል፣ ከደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይገባል፤ የኢትዮጵያ ተራራማ ምድርም አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል። ከተራራው ወዲያ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው አየር ሲሞቅ ደመናው ይበተናል። ጉምም ቢሆን መሬት የነካ ደመና እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ወደ ደጋው እህል ይጣል በነበረበት ጊዜ ጉሙ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤት ጥያቄ አልነበረም።

በረዶ የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። አማርኛ ከደመና የሚወርደውንም፣ በተራራ ጫፍ የሚጋገረውንም በአንድ ስም በረዶ ይለዋል። አመዳይ ወይም ውርጭ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ምድሩ ሙቀቱን ሲያጣ በቅጠል ላይ የሚፈጠር ነው። «ሰብሉን በረዶ መታው» እና «ሰብሉን ውርጭ መታው» የሚሉት ሁለቱ ሪፖርቶች የሚያመለክቱት የተለያየ የጉዳት ስፋት ነው። በረዶው አንዱን ቀበሌ መትቶ ጎረቤቱን ሊተው ይችላል፤ ውርጩ ግን በሸለቆውና በሜዳው ሁሉ ይተኛል።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ቃል «መደበኛ» የሚለው ነው።

በአየር ጠባይ ሳይንስ መደበኛ ማለት የ30 ዓመት አማካይ ነው። አሁን የሚሠራበት የመነጻጸሪያ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሳምንት ሁኔታ የአየር ጠባይ ሲባል፣ በረዥም ዘመን የሚታየው የአየር ንብረት ይባላል፤ መደበኛው የሚወጣውም ከዚህ ከሁለተኛው ነው። እንግዲህ መደበኛ ማለት «በቂ» ማለት አይደለም። በዝናብ አጠር ወረዳ መደበኛው ራሱ ለበቆሎ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ በአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መግለጫዎች ከአማካዩ ከ75 እስከ 125 በመቶ የሆነው ዝናብ በመደበኛ ክልል ውስጥ ይመደባል። በአንድ ወረዳ የክረምቱ አማካይ 400 ሚሊ ሜትር ነው ቢባል፣ 304 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ዓመት 76 በመቶ በመሆኑ በካርታው ላይ «መደበኛ» ተብሎ ይቀለማል። ካርታው አልዋሸም። ነገር ግን ከውኃው አንድ አራተኛ ያህል ጎድሏል፤ የጎደለው በአበባና በፍሬ ጊዜ ከሆነ ምርቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ካርታውን አይቶ ወረዳውን ከእርዳታ ዝርዝር የሚሰርዝ ሹም ቢኖር፣ ስሕተቱ የሳይንሱ ሳይሆን ቃሉን እንደ ዕለት ንግግር ያነበበው ሰው ነው።

የጠቅላላው መጠን እንኳ የተሟላ ቢሆን ስርጭቱ ሌላ ጥያቄ ነው። 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ቀን ተከፋፍሎ ሲጥልና በ10 ቀን ዶፍ ሆኖ ሲወርድ በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ድምር ይሰጣል። የመጀመሪያው ጤፍ ያበቅላል፤ ሁለተኛው አፈር ይዞ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ የዝናቡ አጀማመር፣ አወጣጥና በመካከል የተቋረጠባቸው ቀኖች ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። ገበሬው በሚያዝያና በግንቦት ማሽላና በቆሎ ለመዝራት ካልቻለ ወደ ጤፍና ወደ ሽምብራ ይዞራል፤ ይህ ዝናቡ ዘግይቷል የሚል ከማንኛውም ካርታ የቀደመ ምልክት ነው። በገበያ የሽምብራ ዘር ሲወደድ የታየ እንደሆነም ይኸው ይመዝገብ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የ1976 ዓ.ም. ታሪክ ያስረዳል። በዚያ ዓመት በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ። ክረምቱም በበኩሉ ከዳ። ዓለም ግን በእርግጥ የነቃው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ። መዘግየቱ ሁሉ የቃላት ነው ማለት ግን ራስን ማታለል ይሆናል፤ ጦርነቱም ፖለቲካውም ነበረበት፤ የለጋሾች ጥርጣሬም ነበረበት። ቢሆንም ለተጠራጣሪ ሰው በቀንና በቁጥር ያልተደገፈ ማስጠንቀቂያ ትልቅ ምክንያት ይሰጠዋል።

ድርቅ የሚለውም ቃል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ዝናቡ ከአማካዩ ሲያንስ የአየር ጠባይ ድርቅ ይባላል፤ በአፈሩ ያለው እርጥበት ለሰብሉ ሳይበቃ ሲቀር የእርሻ ድርቅ፤ ወንዙ፣ ኩሬውና የጉድጓዱ ውኃ ሲወርድ ደግሞ የውኃ ድርቅ ይባላል። ሦስቱ በአንድ ቀን አይመጡም፤ በአንድ ቀንም አይሄዱም። ዝናቡ ተመልሶ ሣሩ ለምልሞ ሳለ ኤላው ገና ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ረኃብ ግን ከነዚህ ከማናቸውም የተለየ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም። ሰብሉ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ሰው መግዣ አጣ እንጂ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አሳይተዋል። ስለዚህ የዝናብ ሪፖርት ከከብትና ከእህል ዋጋ ጋር ተያይዞ ካልቀረበ ድርቅን እንጂ ረኃብን አይናገርም።

ኤልኒኞ የሚለው ስም በቅርብ ዓመታት በሰው ሁሉ አፍ ገብቷል። ትርጉሙ በእስፓንኛ «ሕፃኑ» ሲሆን፣ በልደት በዓል ሰሞን ባሕሩ ሲሞቅ ያዩ የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ያወጡት ነው። የመካከለኛውና የምሥራቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ሆኖም ኤልኒኞ ማለት ድርቅ ማለት ነው ብሎ መያዝ ስሕተት ነው። በዚያው ዓመት ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቁ ቆላ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ይጨምርለታል፤ ጎርፍም ሊያስከትልበት ይችላል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ላኒኛ ይባላል፤ የቆላው ጠላትም እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉት ላኒኛ በቆየችበት ጊዜ ነበር።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በሦስት ክፍል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ ወደ መደበኛ የቀረበና ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ 20፣ 35 እና 45 በመቶ ቢሰጥ፣ ሰሚው 45ቱን ብቻ ይዞ «ዝናብ አይኖርም ተብሏል» ብሎ ያወራል። ዝናቡ በደህና የጣለ እንደሆነ ደግሞ ባለሙያው ዋሾ ይባላል። ትንበያው ግን ያለው ከመቶ እጅ 20 ጥሩ ዝናብ ሊኖር ይችላል ነው። ከባሕር ማዶ የሚጫን እህል ወደብ ደርሶ ወረዳ መጋዘን እስኪገባ ወራት ስለሚፈጅ፣ እርግጡ እስኪታወቅ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። በ45 በመቶ ግምት ተነሥቶ መጋዘን ማዘጋጀትና ጭነት ማዘዝ ብክነት አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሰፈራ ጥቂት ነገር መናገር ይገባል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወስዷል። ለቦታው ምርጫ ይቀርብ የነበረው ትልቁ ምክንያት «ዝናብ አለ» የሚለው ነበር። ዝናቡስ ነበረ። ነገር ግን ሙቀት በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ከ2400 ሜትር ደጋ ወደ 1100 ሜትር የመተከል ሜዳ የወረደ ቤተሰብ 8 ዲግሪ ያህል ወደሚበልጥ ሙቀት ገባ፤ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው የጋምቤላ ምድር የወረደው ደግሞ 12 ዲግሪ ያህል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ትንኝ ይራባል፤ ደገኛው ደግሞ ወባን የሚቋቋም ሰውነት አልነበረውም። ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ፤ ፈቃዱን ሳይጠየቅ የተጫነም ነበረበት። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉት የቆዩ ቃላት ከፍታን፣ ሙቀትን፣ ሰብልንና በሽታን በአንድነት ይይዛሉ። የሰፈራ ቅጽ ላይ የዝናብ መጠን ብቻ ተሞልቶ እነርሱ ሲቀሩ የሚታየው ጉድለት ይህ ነው።

ከዚህ ንግግር በኋላ ሠልጣኞች ወደ ግቢው ወጥተው መለኪያውን ያያሉ። ንባቡ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው፤ የሚመዘገበውም ባለፉት 24 ሰዓታት የወረደው ነው። ዝናብ ባልጣለበት ቀን 0.0 ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው በታመመበት ወይም ለቅሶ በሄደበት ቀን ግን መሥመሩ «አልተነበበም» ይባል እንጂ ዜሮ አይሞላበት፤ በኋላ መዝገቡን የሚደምረው ሰው ሁለቱን የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።