የተደበቀውን ፈልጎ ማግኘት



በ1933 ዓ.ም. የተገኘውን የአርበኞች ድል ለማሰብ ሚያዝያ 27 ቀን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን ነበር። ስንቃችን ቆሎና ዳቦ፥ ጨዋታችን ጂኦካሺንግ ነበረ። ይህ ጨዋታ በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሬገን የተጀመረ ነው። አንዱ የደበቀውን ሣጥን ሌላው በሳተላይት እየተመራ ይፈልጋል፤ ያገኘውም በመዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ ሣጥኑን ወደ ቦታው ይመልሳል።

ስልካችን ቦታውን ቢያሳየንም፥ ከባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ስናገላብጥ ብዙ ቆየን። ሣጥኑ ሲከፈት በመዝገቡ ላይ መምህራችን የጻፉት ጥያቄ ነበረ፤ «ከዘመዶቻችሁ መካከል አርበኛ የነበረ ማን ነው?» እርሳሱን ይዤ የምጽፈው አጣሁ።

ማታ አያቴን ጠየቅኋቸው። እናታቸው በወረራው ዘመን በእህል አቁማዳ ውስጥ ጥይት ደብቀው ለአርበኞች ያደርሱ እንደ ነበር ነገሩኝ። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። በማግሥቱ እሑድ ወደ እንጦጦ ተመልሼ ስማቸውን ጻፍሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የእንጦጦውን ሣጥን ሳተላይት ያሳየናል፤ በቤታችን ያለውን ታሪክ ግን ካልጠየቅን ማንም አያሳየንም። የሚያውቁትም ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ከእኛ ጋር አይኖሩም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠይቁ፥ ጻፉም።