በጨለማ የሚታወቅ ገመድ



የጂኦግራፊ መምህር እንደ መሆኔ የአትላንቲክን ነፋሳት ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልሁ አስተምሬአለሁ። ነፋሱን በፊቴ ያገኘሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስታትስራድ ሌምኩል በተባለችው የኖርዌይ ባለ ሸራ መርከብ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን በተሻገርሁ ጊዜ ነው። የሄድሁት እንደ መንገደኛ አልነበረም፤ ገመድ እየጎተትሁ፣ ወለል እያጠብሁ፣ ተራዬ ሲደርስም መሪ እየያዝሁ ነው።

መርከቢቱ በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀርመን አገር፣ በብሬመርሃፈን፣ ለንግድ መርከበኞች ማሠልጠኛነት የተሠራች ናት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች እጅ ገባች፤ በ1921 ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተዛወረች። ስሟንም ያገኘችው ለዚህ ከደከሙት የቀድሞ ሚኒስትር፣ ከክሪስቶፈር ሌምኩል ነው። ርዝመቷ 98 ሜትር ሲሆን ሦስት ምሰሶዎችና 22 ሸራዎች አሏት።

ሠልጣኞች በሦስት ምድብ ተከፍለን አራት ሰዓት እንሠራለን፤ ስምንት ሰዓት እናርፋለን። ለእኔ የደረሰኝ ከስድስት እስከ ዐሥር ሰዓት ያለው ተራ ነበር፤ ቀንም ሌሊትም። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ከፊት ሆኖ አድማሱን ይቃኛል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ሰው ወደ ባሕር እንዳይወድቅ ይጠብቃል። የቀረነው ለገመድ ነን።

ከምሰሶዎቹ የሚወርዱት ገመዶች ከመቶ በላይ ናቸው። ሁሉም በመርከቢቱ ጎንና በምሰሶዎቹ ሥር ባሉ ችካሎች ላይ ይታሰራሉ፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም። በመጀመሪያው ቀን ደብተር አውጥቼ ቦታቸውን መሣል ጀመርሁ። የምድባችን ኀላፊ፣ በዕድሜ ከተማሪዎቼ የማትበልጥ ወጣት፣ አየችኝና «ሌሊት በምን ታነበዋለህ?» አለችኝ። መብራት ከተበራ ጨለማ የለመደው ዐይን ይታወራልና አይበራም። ገመዱ የሚታወቀው በቦታው ነው፤ በአብዛኛው የታችኛው ሸራ ገመድ ወደ ፊት፣ የላይኛው ወደ ኋላ ይታሰራል። ሥርዐቱን የያዘ ሰው በእጁ እየዳሰሰ ያገኘዋል። አንድ ሕግም አለ፦ ገመድ ከመፍታትህ በፊት ስሙን ጮኸህ ትጠራለህ፤ «አዎ» እስክትባልም ትጠብቃለህ።

በዘጠነኛው ሌሊት ድንገተኛ ነፋስ ከዝናብ ጋር መጣ። ከሁሉ በላይ ያለው ሸራ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ የታችኛውን ጫፉን የሚይዘውን ገመድ እንድፈታ ተነገረኝ። ስሙን መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን በልቤ «አውቀዋለሁ» አልሁና ፈታሁ። የፈታሁት ሸራው የተንጠለጠለበትን አግድም ግንድ ከነፋሱ አንጻር ይዞ የሚያቆመውን ገመድ ነበር። ግንዱ ዞረ፤ ገመዱ መዳፌን እየላጠ ሮጠ። ሦስት ባልደረቦቼ ተወርውረው ያዙት። በዚያች ቅጽበት ሁለት ወጣቶች ወደዚያው ግንድ ሊወጡ የገመዱን መሰላል ጨብጠው ነበር። አንድ ደቂቃ ዘግይቼ ብሳሳት ኖሮ ግንዱ ላይ በሆኑ ነበር።

ኀላፊያችን አልተቆጣችኝም። ነፋሱ ሲበርድ «የትኛው መስሎህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «ስሙን ብትጠራው ኖሮ እሰማህ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች ዐይኔን ጨፍኜ፣ ችካሎቹን እየዳሰስሁ፣ የገመዶቹን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ ጓደኞቼም አረሙኝ።

እዚያ ቆሜ አባቴን አስታወስሁ። አባቴ የአብነት ተማሪ ነበር። የቃል ትምህርት የሚቀጸለው በሌሊት፣ ያለ መጽሐፍና ያለ መብራት እንደ ነበር ሲያጫውተን አድገናል። ተማሪው ያሰማል፤ መምህሩ ከጨለማው ውስጥ ያርማል። እኔ ይህን በንግግሬም በጽሑፌም «ሽምደዳ» ብዬ አቃልዬዋለሁ። ጮክ ብሎ ማሰማት ስሕተትን ገና ሳይጎዳ ለሌላ ጆሮ ማቅረብ መሆኑን የተረዳሁት መዳፌ ከተላጠ በኋላ ነው።

ስለዚህ በፊታችሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለዓመታት ትምህርቴን ስጨርስ «ገባችሁ?» እያልሁ ጠይቄአለሁ፤ ዝምታችሁንም እንደ «አዎ» ቈጥሬዋለሁ። ብዙዎቻችሁ ዝም ያላችሁት ልክ እኔ በዚያች ሌሊት ዝም ባልሁበት ምክንያት እንደ ሆነ አሁን ዐውቃለሁ፦ አላዋቂ መስሎ ላለመታየት። በክፍል ውስጥ ያልተሰማ ስሕተት ግን አይጠፋም፤ ነገ በሐኪሙ እጅ፣ በድልድዩ ሥር፣ በዳኛው ብያኔ ይወጣል። የሚወድቅበትም የተሳሳተው ሰው ሳይሆን መሰላሉን የጨበጠው ሌላው ነው።

ከተመለስሁ ወዲህ ለመስክ ልኬት ስንወጣ ማንም መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ለጓደኛው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ መልስም ይጠብቃል። ሥራው ይዘገያል፤ መጀመሪያ ላይም ተማሪዎቼ ስቀውብኛል። እኔም ከእነርሱ ጋር እናገራለሁ፤ እነርሱም ያርሙኛል።

የሚቀጥለው ጊዜ የጥያቄ ነው። ዛሬ ዝምታን እንደ መልስ አልቀበልም።